የእሁድ ሰላምታ

አሁንም ድረስ ሰው «እገሌ ሰላም ብሎሻል» ሲለኝ ቶሎ አላምንም። እገሌ በሕይወት መኖሩን አጣርቼ ነው መልስ የምልከው። አሁን አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ይህ ጠባይ የጀመረኝ በካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ነው። ከወሎ ዩለስ ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ የመጣነው ጦርነቱ አበቃ በተባለ ሰሞን፣ በእናቴ ዲቪ ነበር። ወንድሜ ሃያ አንድ ዓመት አልፎት ስለነበር አጎታችን ዘንድ ቀረ። እናቴ ኤርፖርት የጽዳት ሥራ ያዘች። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ቤድፎርድ በኩል ባለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በነፃ አስገባችኝ። እናቴ ሃይማኖቴን እንዳልለውጥ ፈርታ፣ «ጸሎቱን ስሚ፤ ቁርባኑ ሲመጣ ግን እግርሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ሲሰለፉ እኔ ብቻ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጭ እል ነበር።

ወንድሜ የሚደውለው እሁድ ነበር። መጀመሪያ ራሴ አዋራው ነበር። የትምህርት ዕረፍቱ ካበቃ ወዲህ ግን የሚደውለው እኔ ስተኛ ብቻ ሆነ። እናቴ ቁርስ ላይ፣ «ወንድምሽ ኮል አድርጎ ነበር፤ ተኝተሽ አሳዝነሽኝ አልቀሰቀስኩሽም። ሰላም ብሎሻል» ትለኛለች።

በኖቬምበር መነኩሲቷ መምህራችን በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው፣ «የሞቱባችሁን ሰዎች ፎቶ አምጡ» አሉን። የሜክሲኮ ልጆች ፎቶውን ከብርቱካናማ አበባና ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ይዘው መጡ። እኔ አልወደድኩትም። እኛ ዘንድ ሙት ይዘከራል እንጂ ፎቶው ፊት ዳቦ ተቀምጦ ብላ አይባልም። ፎቶ ስላላመጣሁ ሻማ የመቀየሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

አንድ ጠዋት ያለቀ ሻማ ላነሳ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ፣ ባለ ትልቅ ጢም አዛውንት ፎቶ ጀርባ ወንድሜ አየኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳው ነው፤ እናቴ ከቦርሳዋ የማታወጣው ፎቶ። ፊቱ ሻማ ይነዳል። ያንን ሻማ ከትናንት በስቲያ ያበራሁት እኔው ነበርኩ፤ ለማን እንደማበራ ግን አላየሁም።

በስህተት የተቀመጠ መስሎኝ ላነሳው ስል መነኩሲቷ ከኋላዬ፣ «ተዪው፤ እናትሽ ናቸው ያስቀመጡት። ወደ ሥራ ሲሄዱ እየመጡ ትንሽ ይቀመጣሉ» አሉኝ። አለማወቄን ከፊቴ ሲረዱ ደነገጡ።

ያኔ ነው እናቴ በዕረፍት ቀኗም የሥራ ልብሷን ለምን እንደማታወልቅ የገባኝ። ልብሱ ጥቁር ነው። እኔ ስንፍና መስሎኝ ስቀልድባት እሷ ሐዘን ተቀምጣ ነበር። ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ መርዶ እንደማይነገረው አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው ሲደረግ አይቻለሁ። በእኔ ይደረጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እንዴት እንደሞተ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ማሳ ውስጥ የቀረ ፈንጂ ነበር።

በዚያው እሁድ እናቴ ሻይ እየቀዳች፣ «ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል» አለችኝ። ድምጿ አልተለወጠም። «በትምህርቷ እንዳትቀልድ ብሏል።»

አውሮፕላን በጣራችን ላይ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቅን።

«ሰላም በይልኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ኖቬምበር አልቆ ጠረጴዛው ተነሳ፤ ሰላምታው ግን አልቀረም። እንዲያውም ወሬ እየጨመረ መጣ። ጥርሱን አሞት ነበር፣ ተሻለው፣ ጢም አሳድጓል። የሞተ ወንድሜ ጢም ማሳደጉን ሰምቼ ሻዬን እጨርሳለሁ። እፈራ ነበር፤ የምፈራው ግን እሱን ይሁን እሷን ለይቼ አላውቅም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሜ ሲመሽ ነገ ምን ይል ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር።

ትምህርት ከተዘጋ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ እናቴ ቁርስ አቀረበች። ሰላምታ የለም። ሲመሽ ጥቁር ቀሚሴን ተኩሼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ተቀመጡ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ግን እሳቸውን አላየችም፤ ጥቁር ለብሼ ከመኝታ ቤት ስወጣ እኔን ነበር የምታየው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በኖቬምበር። ሻማውን የማበራው እኔ ነበርኩ።»

ግድግዳውን ያዘች። «እና ያን ሁሉ ሰላምታ ትቀበይኝ ነበር?»

«ካልተቀበልኩሽ ለማን ታደርሺው ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ገና አንድ ቃል አልተናገሩም። እናቴ ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች።