ዝናብ ለዶሮ የሰጣት ቀጠሮ

ልጅ ሳለሁ የእኛ ዶሮዎች የሚያድሩት ከእኛው ጋር ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት አገር ዶሮ ውጪ ማሳደር ለሸለምጥማጥ ራት ማቅረብ ነውና፣ ገና ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ በአንድ እየገቡ ከመደቡ በላይ ወደተሠራላቸው ቆጥ ይወጣሉ። ያኔ የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ በለጡ ኩራዙን ምሰሶው ላይ ትሰቅልና፣ የኩበቱን እሳት ገለጥ ታደርግና፣ እግሯን ወደ ፍሙ ዘርግታ ተረቷን ትጀምራለች። የኩበት ጭስ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ሽታው አይከፋም። ከላይ ዶሮዎቹ ቦታ ሲሻሙ ያጉረመርማሉ፤ እሷም ቀና ብላ «ዝም በሉ እናንተ! የእናንተኑ ጉዳይ እኮ ነው የማወራው» ትላቸዋለች።

እውነትም የእነሱን ነበር የምታወራው። ከሁሉ አብልጣ የምትነግረን ዶሮና ዝናብ የተዋዋሉትን ነው። ዶሮ ጫጩቶቿ በየክረምቱ በጎርፍ እያለቁ ቢያስቸግሯት ወደ ዝናብ ሄዳ «ጌታዬ፣ የእኔ ጎጆ መሬት ላይ ነው፤ የምትሄድበትን ጊዜ ብታስታውቀኝ ምናለበት?» ብላ ለመነችው አሉ። ዝናብም አሰበ፣ አሰበና «ልሄድ ስል በየሜዳው ቢጫ አበባ እተውልሻለሁ፤ እሱን ስታዪ ታቀፊ» አላት። አደይ አበባ ማለት እንግዲህ ያ ቀጠሮ ነው። እኔ ጠያቂ ነበርኩ፤ «ዝናቡ ቃሉን ባይጠብቅስ?» እላታለሁ። «ዝናብ ሰው መሰለሽ እንዴ?» ትለኛለች፣ ፍሙን እየቆሰቆሰች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማውቀውን ያወቅሁት እንዲህ ካለው ወሬ ነው። ጎጆ ከወጣሁ ወዲህም ዶሮ የማስታቅፈው በዚያ ቀጠሮ ነበር፤ ዝናቡም ቃሉን አጥፎብኝ አያውቅም።

ልጄ ሰብለ ስትወልድ ላርሳት ብዬ ጆሃንስበርግ የሄድኩት ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ሰማዩም ምድሩም ተዘጋና እዚያው ቀረሁ። ሰብለ መሃል ከተማ፣ ጀፕ በሚሉት ሰፈር የምትነግድበት ሱቅም ተዘጋ። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጀርሚስተን ነው፤ ከኋላው የኮክ ዛፍ ያለበት ጓሮ አለው። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እንደማልችል ስለምታውቅ ዶሮዎች ፈልጋ አመጣችልኝ።

ከጓሮው ግንብ ወዲያ ደግሞ ጎጎ ቴምቢ የምትባል የእኔ እኩያ ሴት ዶሮ ታረባለች። ጎጎ በእነሱ አያት ማለት ነው፤ እኔንም ጎጎ ነው የምትለኝ። ጠዋት «ሳውቦና ጎጎ» ስትለኝ «ዬቦ ጎጎ» እላታለሁ፤ የእኔ ዙሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ቀሪውን ሰብለ ከደንበኞቿ በለቃቀመችው ዙሉ ታስተረጉምልናለች። ማስካችንን እስከ ዓይናችን ስበን፣ ግንቡን መሃል አድርገን፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዶሮዎቹ አመል፣ ሀዲዳ ስለሚሉት ምንቃረ ረጅም ወፍ እናወራለን። ያ ወፍ ሲጮህ ጉድ ነው፤ ጎጎ «የሚጮኸው ከፍታ ስለሚፈራ ነው» ትላለች። እንዲህ ስንሳሳቅ ወራት ሄዱ፤ ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም።

ብርዱ ሊያልቅ ሲል ሸለምጥማጥ የጎጎን ዶሮ ቤት ሰብሮ ገባ፤ አንዲት ሳያስቀር ፈጃቸው። አንገታቸው መላጣ፣ ጥቁር ዶሮዎች ነበሩ። እናቷ ቶኮዛ በሚባለው ሰፈር ስታረባ የነበረው ዘር ነው፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ከዚያ ቤት የቀራት ነገር እሱ ብቻ ነበር። አሁን ያላት በዚያው ሳምንት የሰበሰበችው እንቁላል ነው፤ የምታቅፍለት ዶሮ ግን የላትም። የእኔዋ ቀይ ዶሮ ደግሞ ያን ሰሞን መታቀፍ አምሯት የምትጥልበትን ሣጥን አልለቅም ብላ ተኝታለች። ጎጎ እንቁላሎቹን በሻሽ ጠቅልላ ግንቡ ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች፣ እንደ ጊዜው ደንብ። የሆነ ነገርም ተናገረች።

«ምን አለች ሰብልዬ?»

«ይሄ ከጠፋ ሌላ የለም ነው የምትለው፣ እማዬ።»

መስከረም ነበር። ግንቡ ሥር ማንም ያልዘራው ቢጫ አበባ ፈንድቷል፤ ቁርጥ አደይ! ልቤ ሞላ። ሰብለ ሕፃን ባለበት ዶሮ እቤት አይገባም ብላለች፣ ሣጥኑም ይጠባል፤ ስለዚህ እንደ አገሬ ከኮኩ ሥር መሬቱን ጎድጎድ አደረግሁና ሣር ጎዘጎዝኩበት። ለሸለምጥማጡ ብዬ ዙሪያውንም ላዩንም በሽቦ ዘጋሁ። ጎጎ በግንቡ አጮልቃ አየችና እጇን አወናጨፈች፤ እዚያ አታስቀምጫት፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አለች። «አበባው ወጣ እኮ!» አልኩና የእቴቴ በለጡን ተረት በሰብለ አፍ ነገርኳት። ከማስኩ ሥር ሳቀች።

«ያ የእናንተ ዝናብ ነው» አለች። «የእኛው ከማንም ዶሮ ጋር አልተነጋገረም።»

ቀልድ መሰለኝ። እዚያ አገር አበባው የሚፈነዳው ዝናቡ ሲሄድ ሳይሆን ሊመጣ ሲል መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ በለዘ ቆዳ ሆነ። ነፋሱ ቆመ፤ ሀዲዳው እንኳ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ቆርቆሮውን ጠብ አደረገው፤ ቀጥሎ ቤቱን በድንጋይ የሚደበድቡት መሰለ። በረዶ ነው። የእንቁላል አስኳል የሚያህል! ሮጬ ስወጣ ከላይ ካለው ግቢ ውሃ በኮኩ በኩል እየወረደ ነው፤ ሽቦ ደግሞ ውሃ አይከለክልም።

የውጪው በር ተበረገደና ጎጎ ቴምቢ ገባች። የልብስ መዘፍዘፊያ ገንዳዋን ራሷ ላይ ደፍታ፣ ማስክ የላት፣ ምን የላት፣ በዙሉ እየጮኸች። ገንዳውን ከራሷ አንስታ ሽቦው ላይ ገለበጠችው፤ በረዶው በባዶ ራሷ ወረደባት። እኔ ዶማውን አንስቼ ከጎጆው በላይ ቦይ መቅደድ ያዝኩ። ሰብለ ሕፃኑን ታቅፋ ከደጃፉ «እማዬ፣ ግቢ! ኧረ ራስሽን ይፈነክትሻል!» ትላለች። የሚሰማትም፣ አስተርጉሚልኝ የሚላትም አልነበረም። ጎጎ በእጇ እዚህ፣ እዚህ ትለኛለች፣ እኔ እቆፍራለሁ፤ ውሃው ዞሮ ወደ አጥሩ ሄደ።

ሲያባራ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምን። ቀይዋ ዶሮ ከገንዳው ሥር ላባዋ በስብሶ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ነው ጎጎን ያየኋት። ሰፊ አፍ፣ ከላይ አንድ ጥርስ የጎደለው፣ ግንባሯ ላይ በረዶው ያሳበጠው እብጠት። እሷም እኔን አፍጥጣ ታየኛለች። ሳቋን ለቀቀችው።

«እንዲህ መልከ መልካም መሆንሽን ባውቅ ቀድሜ እመጣ ነበር ነው የምትልሽ» አለች ሰብለ፣ ራሷም እየሳቀች።

ግማሾቹ እንቁላሎች ውሃ ገብቷቸው ቀሩ። ግማሾቹ ተፈለፈሉ፤ አንገታቸው መላጣ፣ ጥቁር። ጎጎ አንዱን ጫጩት አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ እኔ ወደ ሌላ በኩል አየሁ። እስኪጠነክሩ ቀይዋ ዶሮዬም አብራቸው ግንቡን ተሻግራ ከረመች።

እቴቴ በለጡን አልታዘባትም። የነገረችን የምታውቀውን ዝናብ ነው፤ ሌላ ዝናብ መኖሩን የሚነግራት አልነበረም። ተረቷን አሁንም ለልጅ ልጄ አወራለታለሁ፣ የየት አገር ዝናብ እንደሆነ ብቻ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማምሻ ማምሻውን ጎጎ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ከሰል ታቀጣጥልና ትጠራኝ ነበር። ሰብለ ሕፃኑን ስታስተኛ እኔ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ጫጩቶቹ ከኋላችን ይንጫጫሉ፣ ፍሙ ፊቷን ያበራዋል። አንድ ምሽት ተረት ነገረችኝ። ንኩኩ ስትል ሰማሁ፤ ንኩኩ ዶሮ ነው። በእጇ የሚያንዣብብ ነገር አሳየችኝ፣ ጭልፊት ይሁን ደመና አልለየሁም። ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ እኔም አንገቴን አሰግግ ነበር፤ እንደ ልጅ።

ሰብለን አስተርጉሚልኝ አላልኳትም። የተረቱ ዶሮ የዳነች ይመስለኛል፤ ጎጎ ስትጨርስ ፊቷ እንደዚያ ነበር።