ጨዋ ሰፈር ፍለጋ

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሼ መቐለ ለማስተማር በመጣሁ ሰሞን፣ ያረፍኩት ሆቴል ነበር። የትምህርት ቤቱ ሹም ሴት መምህር ሆቴል ማደሯ ነውር ነው አለ፤ እስከ ነገ ማታ ጨዋ ሰፈር ውስጥ ቤት ካልያዝኩ ወደመጣሁበት ሊመልሰኝ ነው። ቤት እንዲያሳየኝም አንድ አዛውንት መምህር አዘዘልኝ።

ሰውየው ከተማውን የሚያውቀው በዘር ሐረግ ነው። በዱላው እየጠቆመ፣ እዚህ የደጃዝማቹ የልጅ ልጆች፣ እዚያ የፊታውራሪው ምራት ይለኛል። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ብጠይቀው፣ ውሃ የሚቀዳ ነገር መሆኑን ያን ቀን የሰማ ይመስል ቆም ብሎ አየኝ።

በገበያው ዳር ስናልፍ አንዲት የወሎ ሴት ከደጇ ሆና፣ "ቤት ነው የምትፈልጉት? እኔ ጋ ክፍል አለ" አለችን። ሰውየው በነጠላው አፍንጫውን ሸፈነ።

"ነይ ወይዘሪት። እዚህ እስላምና ሸማኔ ነው ያለው። ሰው የለም።"

ሰው የሌለበት መንገድ በሰው ብዛት አላሳልፍ ብሎን፣ እየተጋፋን ወጣን።

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወዳለች አንዲት እመቤት ቤት ወሰደኝ። የሚከራይ ክፍል እንዳለ ሠራተኛዋ በሩ ላይ ነግራናለች። እመቤቲቱ ከመደብ ላይ ሳትነሳ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ በትግርኛ ልጄ ብላ ጠራችኝ።

"ጓለይ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"ከሸዋ ነኝ።"

"አገርሽን መች ጠየቅኩሽ?"

"አባቴ ጸሐፊ ናቸው።"

"የሳቸው አባትስ?"

ሰውየው ጎኔን በክርኑ ነካ አደረገኝ። እኔ ምንጣፉን እያየሁ፣ "ሸማኔ ነበሩ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እሷ ግን ሰማች። ጆሮዋ የተሳለው ለዚህ ነው። ባለ ሰፊ ጥበብ ነጠላዋን እንዳልነካባት ወደ ራሷ ሰበሰበች፤ የሸማኔ እጅ ሳያርፍበት ከመስክ የታጨደ ይመስል።

"ክፍሉ ለዘመድ ተይዟል፣ ጓለይ።"

ከበሩ እንደወጣን ሰውየው ጮኸብኝ። "ምን ነካሽ! ገበሬ ነበሩ ብትዪ፣ ማን ሸዋ ድረስ ሄዶ ሊጠይቅ ነው?"

መንገዴን ቀጠልኩ። አባቴ ፊደል የቆጠሩት፣ አያቴ እግራቸውን ሸማ መሥሪያ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ባሳለፉት ዕድሜ ነው። ይህን ለሱ ማስረዳት ለዱላው ከማስረዳት አይሻልም።

"ግድ የለም" አለ ቀዝቀዝ ብሎ። "ነገ ጠዋት ገብቼ፣ ልጅቷ ደንግጣ ነው የተሳሳተችው፣ አያቷ ባለርስት ነበሩ እላቸዋለሁ። አንቺ ዝም ማለት ብቻ ነው።"

ዝም ማለት አያቅተኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ሄደ።

በማግስቱ ማልጄ ገበያው ዳር ያለችውን ሴት ደጅ አንኳኳሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታንኮራፊያለሽ እንዴ እቴ? ግድግዳው ስስ ነው።"

"አላንኮራፋም።"

"እኔ አንኮራፋለሁ። እንግዲህ ቻዪው።"

ከሆቴሉ ሻንጣዬን ለተሸካሚ ሰጥቼ፣ በአቋራጩ መሄድ ስችል በቤተ መንግሥቱ በኩል ዞርኩ። ሰውየው የእመቤቲቱን በር ሊያንኳኳ ዱላውን አንስቷል።

"አይድከሙ" አልኩት፣ ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "አያቴ ሸማኔ ነበሩ። ቤትም ይዣለሁ፤ እዚያ ሰው የሌለበት ሰፈር።"