የመርፌ ስድስት እርምጃ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷም ምላሷም ከስሙ ጋር ይሄዳሉ። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ያደረች ሴት ናት። ደንበኛ ወፍራ መጥታ «ቀሚሱ ጠበበኝ» ስትላት፣ «ቀሚሱማ እንደሰጠሁሽ ነው፤ አንቺ ነሽ የተለወጥሽው» ብላ ትመልሳለች። ሰው የምትፈራ አልነበረችም።

አሁን ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለውን ስድስት እርምጃ ፈርታ ሦስት ሳምንት ተኝታለች። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ፤ በቀዶ ጥገና ብረት ገባላት። ሐኪሙ «አጥንቱ ተይዟል፣ ይቁሙ» ብሏል። እግሯ መሬት በነካ ቁጥር ግን ልቧ ይከዳታል፣ ላብ ያጠምቃታል። እናቷም እንዲሁ ዳሌያቸው ተሰብሮ ስምንት ወር ከተኙበት አልጋ አስከሬናቸው ነው የወጣው። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ መነሳት የሚባል ነገር የለም ብላ ደምድማለች።

ልጇ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ እንደ ሕፃን ትይዛታለች። ምግቡን በማንኪያ፣ መጸዳጃውን እስከ አልጋው ድረስ። መርፌ ትንሽ ከተነቃነቀች «እማዬ አትነሺ፣ እኔ እያለሁ!» ትላለች።

በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠና ያለች፣ ማባበል የማታውቅ ሴት ናት። መርፌ ዛሬም «ነገ እቆማለሁ» ስትላት ተረከዟን አገላብጣ አየች። ቆዳው ቀልቷል።

«እማማ፣ ይሄ የመተኛት ቁስል ነው። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ስብራቱ አይደለም፤ መተኛቱ ነው። ደም ይረጋል፣ ሳንባ ይታመማል። ለመሆኑ እናትዎን ያስቆማቸው ሰው ነበር?»

መርፌ ተረከዟን ከባለሙያዋ እጅ ሳበች።

እናቷ «እስቲ ደግፊኝና ልቁም» ብለው ለምነዋት ነበር፤ አንዴም አይደለም። እሷ ግን «እማዬ አትነሺ፣ እኔ እያለሁ!» እያለች ትከሻቸውን ይዛ መልሳ ታስተኛቸው ነበር። ጎረቤቱም «ልጅ እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ መርቋታል። ያኔ ቀዶ ጥገናም አልነበረም፤ ቢቆሙም ላይድኑ ይችሉ ነበር። ማን ያውቃል? መርፌን ያንቀጠቀጣትም ይኸው ማንም የማያውቀው ነገር ነው።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባለሙያዋ ያመጣችላትን ባለ አራት እግር መደገፊያ ሳበችና ብድግ አለች። ልጇ የምታጥበውን ሰሃን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ እርጥብ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ታች ተጫነቻት።

«እማዬ በሞቴ! ብትወድቂስ?»

እጁ ለስላሳ ነው፤ ክፋት የሚባል የለበትም። መርፌን ከመውደቅ ይልቅ ይህ እጅ አስፈራት። አንድ ቀን፣ እሷ ካለፈች በኋላ፣ አንዷ መጥታ ልጇን ያንኑ «እናትሽን ያስቆማት ሰው ነበር?» የሚል ጥያቄ ስትጠይቃት ታያት።

«እጅሽን አንሺ።»

«እማዬ፣ እየተንቀጠቀጥሽ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ። ብወድቅ ግን ጥፋቱ የራሴ ነው። ተኝቼ ከሞትኩ ባንቺ ላይ ይቀራል፤ ይህንን አላሸክምሽም።»

ልጅቷ ነገሩ አልገባትም። ቢሆንም እጇን አነሳች። መርፌ መደገፊያውን ገፋች፣ የታመመ እግሯን አስከተለች፣ ጮኸችም። ወደ አልጋው ግን አልተመለሰችም።