ጥላሁን እስከ ሃያ ሲቆጥር

ጥላሁን ከሚስቱ ከጽጌወይን ጋር ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ አሮጌ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ደሴ ሳለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በዲቪ ከመጣ በኋላ አንድ ካዚኖ ውስጥ ምንጣፍ ሲጠርግ ቆይቶ፣ የካውንቲው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ሠራተኛነት ቀጠረው። ደስ ያለው በደመወዙ ሳይሆን በኢንሹራንሱ ነው። የሚሰጠውም ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የቆመ፣ ትርፍ የማይፈልግ የጤናና የጥርስ መድን ድርጅት ነበር።

ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት ድሮም ያስፈራዋል። በመድኑ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሲተኛ፣ ሐኪሟ ገና መስታወቷን ሳታነሳ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር።

የ2020 ዓመት ሊያልቅ ሲል የሺፍት ጓደኛው አሳምነው ታመመ። ለጥላሁን ደውሎ፣ "ጉንፋን ቢጤ ነው፤ ሰኞ እገባለሁ" አለው። ማግስቱን በእግሩ ሄዶ አምቡላንስ ውስጥ ገባ። ሚስቱ አብራው እንዳትሄድ ከለከሏት። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ጥላሁንም መስኮቱን ዘግቶ ሣጥኑን ከሩቅ አየው። "በእግሩ ነው የገባው" ይል ነበር፣ ደጋግሞ።

ብዙም ሳይቆይ እሱም ያስለው ጀመር። ተመርምሮ ኮቪድ እንዳለበት ሲነገረው መኝታ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ጽጌወይን ምግቡን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እያስቀመጠች ትጠይቀዋለች።

"እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ደህና አልነበረም። ጋደም ሲል ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። ሽንት ቤት የሚደርሰው ግድግዳውን ይዞ ነው። የሚስቱን ኮቴ ሲሰማ ሳሉን በትራስ ያፍናል። ከሰሙኝ ይወስዱኛል፤ ከወሰዱኝ አልመለስም ብሎ ነው።

በዚያ ሰሞን የመድን ድርጅቱ ለታመሙ አባላቱ በየቋንቋቸው ያስደውል ነበር። ለጥላሁን የደወለችው ሱዓድ ናት። እዚሁ ቬጋስ የተወለደች፣ ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈር ከወላጆቿ ቤት ሆና የምትሠራ ወጣት ነበረች።

"ሄሎ፣ አባባ ጥላሁን? ከኢንሹራንስ ነው። ሱዓድ እባላለሁ። እንዴት ነህ... ሶሪ፣ እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና ነው?"

ሌላ ሰው ቢሆን መልካሙን ሁሉ ተመኝቶ ይሰናበት ነበር። ሱዓድ ግን የወላጆቿን አገር ይሉኝታ እምብዛም አታውቀውም።

"እኛ ደህና ነን። እርስዎ ግን ሲያወሩ መሀል ላይ ያቆማሉ። ለምን?"

"አሁን ነው... የነቃሁት።"

"ኦኬ። የኢንሹራንሱ ነርስ እንድጠይቅ ነግራኛለች። በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ ይቁጠሩልኝ።"

ስልኩን ሊዘጋባት አሰበ፤ በልጅ ላይ መዝጋት ነውር ሆነበት። መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ትንፋሹ አለቀ። አየር ስቦ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከስምንት ቀጠለ።

"አባባ፣ ሰባት ላይ አቆሙ።"

"ተምታቶብኝ ነው።"

"ሰባት ተምታታብዎት?"

ስልኩን ከጆሮው ራቅ ሲያደርግ የራሱን ትንፋሽ ሰማ፤ ቀዳዳ እንዳለው ጎማ ሲር ሲር ይላል። እስከዚያች ሰዓት የፈራው ሐኪም ቤቱን ነበር። አሁን የገዛ ደረቱ አስፈራው።

"ልጄ፣ አምቡላንስ አትጥሪ" አላት። "ጓደኛዬ ገብቶ... አልወጣም።"

"እኔ ዶክተር አይደለሁም። ይወጣሉ ብዬ ፕሮሚስ ማድረግ አልችልም። ግን እቤት ከቆዩ በጣም እፈራለሁ። ባለቤትዎ ያውቃሉ?"

"እንዳትሰማ።"

"እርስዎ ካልፈቀዱ መንገር አልችልም። ይፍቀዱልኝ።"

ጥላሁን ወደ በሩ ዞረ። ከበሩ ሥር፣ በብርሃኑ መሀል፣ የሁለት እግር ጥላ ቆሟል።

"ጽጌ" አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ስሚ... እዚህ ያለችውን ልጅ።" ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

"ከትናንት ጀምሮ እየሰማሁህ ነው" አለች ጽጌወይን ከበሩ ውጪ። "ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። እኔም እንዲወስዱህ ፈርቼ ነው።"

ሱዓድ ነርሷን መስመር ላይ አስገባች፤ አምቡላንሱ ተጠራ። ጎረቤቶች ከየመስኮታቸው እያዩ በተሽከርካሪ አልጋ አወረዱት። ጽጌወይን ደረጃው ላይ ቀረች።

ሆስፒታል ውስጥ በሆዱ አስተኝተው ኦክስጅን ሰጡት። ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሽማግሌ በስፓኒሽ እየጸለዩ ያድሩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ድምፃቸው ጠፋ፤ አልጋው ወዲያው ተነጠፈ። ጥላሁን ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ለመክደን ፈራ። ሱዓድ በበኩሏ ለጽጌወይን በየቀኑ እየደወለች፣ ሐኪሞቹ ያሉትን በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ ታስረዳት ነበር።

የፈረንጆቹ ጥር ሲጋመስ የኦክስጅን ጠርሙስ ይዞ ወጣ። በሚያዝያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቀላል ሥራ ሰጡት።

በሐምሌ ሳንባውን በራጅ እንዲያዩለት ቀጠሮ ተያዘለት። ጽጌወይን ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አደረገች። ጥላሁን የመኪናውን እጀታ ይዞ አልከፍት አለ።

"እንመለስ?" አለችው።

"ቆይ ትንሽ።"

ኤሲውን ሳታጠፋ ጠበቀችው። በመጨረሻ ከፍቶ ወረደ። ሐኪሙ በሽታው ሳንባው ላይ የተወው ጠባሳ እንዳለ፣ ግን እንዳልሰፋ ነገረውና ለታኅሣሥ ቀጠሮ ሰጠው። ጥላሁን ቀኑን አስደግሞ ሰማና፣ "ያን ቀን ሚስቴም አብራኝ ትግባ?" ብሎ ጠየቀ። ትችላለች አለው።