በወንድሜ ላይ የተላከከው ሥጋ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝርላቸው፣ ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ለእናንተ ልናገር፤ እናንተ ፊቴን አታዩትም።

ያኔ አቃቂ በሰቃ፣ እናቴ ቤት ነበርን፤ እሷ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ብሩክ። እናቴ አንድ ቀን ከጠበል ስትመለስ ባሕታዊ ነኝ ባይ ይዛ መጣች። ቢጫ የለበሰ፣ ከሽምብራና ከውኃ በቀር አልቀምስም የሚል። ሰርቪሷን ለቀቀችለት። እግሩን አጥባ እጣቢውን በየጥጋጥጉ ትረጨው ነበር። ብሩክ ብቻ፣ «ሰውዬው በሽምብራ ነው እንዴ እንዲህ የወፈረው?» እያለ ይስቃል።

በሁዳዴ፣ እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ የሰርቪሱን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ባሕታዊው ከድስት ሥጋ ይበላል። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ አልደነገጠም። ጣቱን እየላሰ፣ «ልጄ፣ ያንን ሾፌርሽን ትወጂዋለሽ አይደል?» አለኝ።

እወደው ነበር። እናቴ ግን «ሾፌር በየከተማው ሚስት አለው» ብላ እንቢ ብላለች። ዝም ካልኩለት፣ ስለ ጋብቻዬ መልካም ራእይ አየሁ ሊልልኝ ቃል ገባ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ነው? ድስቱንም እኔ አጠብኩለት።

ሽታውን ግን ማን ያጥበዋል? እናቴ ገና ከደጅ አወቀችው። ባሕታዊው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጾሙን የሻረው ያ በቅዱሳን የሚያፌዘው ነው» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እናቴ የብሩክን ልብስ በረንዳ ላይ ወርውራ፣ «ንስሐ ሳትገባ ደጄን እንዳትረግጥ!» አለችው። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ አንቺስ ታምኛለሽ?»

እኔ ምን አልኩ? «ምን አለ ፋሲካ እስኪደርስ ብትታገስ?» አልኩት። ይህችን ማን ጨምሪበት አለኝ?

ራእዩ ታየ፤ እኔም ተዳርኩ። ባሕታዊው የእናቴን የአንገት መስቀል ይዞ ጠፋ። እሷ «ለገዳም ወስዶልኝ ነው» አለች። ኋላ ታማ ስታጣጥር ብሩክን አስጠራችው። «ጥፋቱን ይመንና ልሳመው» አለች። እሱ ያላጠፋሁትን አላምንም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሳይሳሳሙ ሞተች። እኔ መሐላቸው ነበርኩ፤ አንዲት ቃል ይበቃቸው ነበር፣ ቃሏም እኔ ጋ ነበረች።

ዛሬ ብሩክ ቱሉ ዲምቱ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተወ ቆየ። ዘመድ «ድሮም ጾም የሚሽር ነው» ሲለው፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከንፈሬን እመጣለሁ። ባሕታዊው ከቤታችን ወጥቷል ያለ ማነው?

ሲከፋው ወደ እኔ ይመጣል። «ከሰው ሁሉ አንቺ ትሻይኛለሽ» ይለኛል። ልጅ ነበርኩ አልልም። ፍቅር ነው ያሳወረኝ አልልም። እናንተም ይፍታሽ አትበሉኝ። ብሩኬ፣ ጾሙን የሻርከው አንተ አይደለህም። እናታችን አንተን ስማ ለመሞት ስትለምን፣ አውቅ ነበር።