ከጀልባዋ መቀመጫ ሥር

ይትባረክ ውሃ አይወድም። ቆቃ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃ አይወድም ሲባል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ልጅ ሳለ ሽንኩርት የጫነች ጀልባ ከነሰዎቿ ስትገለበጥ አይቷል። ሽንኩርቱ ተንሳፍፎ ዳር ደረሰ፤ ሰዎቹ ግን አልደረሱም። ከዚያ ወዲህ አዳማ ገብቶ፣ ጋራዥ ተቀጥሮ፣ የተሰባበረ የመኪና መከላከያና የባጃጅ አፍንጫ በፋይበር እየጠገነ ጎልምሷል። ባቱ ወዳሉት አማቱ ቤት ሲሄድ እንኳ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

አማቱ ጋሽ ዘገዬ ጡረታ የወጡ የመስኖ ባለሙያ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቸር፣ ግን እሳቸው ያሉት ካልሆነ ሰማይ የሚደፋባቸው ዓይነት ሰው። አንዲት ልጃቸውን ሎሚን ለጋራዥ ሠራተኛ ሲድሩ ደስ ብሏቸው አልነበረም። በኋላ ግን ወደዱት፤ ይትባረክን አስሮ ያስቀመጠው ይኸው መወደድ ነው። በትዳሩ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ቃላቸውን መልሶ አያውቅም።

ዘንድሮ ጋሽ ዘገዬ ላንጋኖ ዳር ከተዘጋ ሎጅ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ገዙ። አካሏ ፋይበር ነው፤ ከሆዷ ሥር ደግሞ በነፋስ እንዳትገለበጥ ከባድ ብረት አላት። ውሃ ከሞላባት ያው ብረት ይዟት ይወርዳል። ድሮ ከመቀመጫዋ ሥር የሚያንሳፍፋት ነገር ነበር፤ እሱን አይጥ ጨርሶታል። ጋሽ ዘገዬም “ፋይበር ያንተ ሙያ ነው፣ ና ሥራልኝ” ብለው ደወሉ። ለይትባረክ ይህ ትልቅ ሹመት ነበር።

“ጋሼ፣ ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች ብንደረድርበት ይሻላል። ውስጣቸው አየር ነው፤ አየር አይበሰብስም፣ አይጥም አይበላውም” አላቸው።

“ጀሪካን? ጀልባዬን የቦኖ ሰልፍ ልታስመስላት ነው?” ብለው ሳቁ።

እሳቸው አስቀድመው ከየሱቁ ነጩን ፎም፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚታሸግበትን፣ ሰብስበው ክፍል ሙሉ አከማችተዋል። ይትባረክም ቢያነሳው ቀላል፣ ውሃ ውስጥ ቢነክረው የማይጠጣ ሆኖ አገኘውና አልተከራከረም። በልኩ እየቆረጠ መቀመጫው ሥር ጠቀጠቀው። እንዳይንቀሳቀስም የፋይበሩን ማጣበቂያ አፈሰሰበትና በጣውላ ከደነው። ከመቀመጫው ሣጥን ግርጌ፣ ወደ ጀልባዋ ወለል፣ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ተወ፤ ፎሙ እስካለ ድረስ ውሃ ቢገባም ጉዳት የለውም።

ክዳኑን ሲያሽግ ከውስጥ ሩዝ ሲፈላ የሚያሰማውን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማ። ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ።

“ምን ትሰማለህ?” አሉት ጋሽ ዘገዬ።

“እንጃ ጋሼ። የሚንሾካሾክ ነገር አለ።”

“ማጣበቂያው እየያዘ ነዋ!”

ድምፁ ቆመ። የይትባረክ ልብ ግን አላረፈም።

“ጋሼ፣ ሐይቅ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ዳር ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ቦታ፣ ውሃ እንሙላባትና መንሳፈፏን እንይ።”

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። “በገዛ እጃችን ልናሰምጣት? በኢየሱስ ስም! አታሟርት ልጄ። የተጸለየባት ጀልባ ናት።”

ሎሚም ክንዱን ያዝ አድርጋ “ተው በቃ” አለችው። ዝም አለ። ወይ ይሉኝታ! በዚህ አገር በክፋት ከጠፋው ይልቅ ክፉ ላለመናገር ሲባል የጠፋው ሳይበልጥ አይቀርም። የአደጋን ስም የጠራ ሁሉ አደጋውን የጠራው ይመስለናል።

ቅዳሜ ሎሚ ከአባቷ ጋር በጀልባዋ ልትወጣ ባቱ ሄደች። ዋና አትችልም። ይትባረክ ሥራ ይዞት አዳማ ቀረ። የሚኒባስ መከላከያ እየለበጠ ሳለ ማጣበቂያ የነከረውን ብሩሽ ከባቱ ይዞት በመጣው የፎም ቁራጭ ላይ ጣል አደረገ። ወዲያው ያ ድምፅ ተሰማ። ሩዝ የሚፈላ ይመስላል።

ዞር ሲል ብሩሹ ፎሙ ውስጥ ሰምጧል። ማጣበቂያው ፎሙን በልቶታል፤ የተረፈው ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ሎሚ የተቀመጠችው ባዶ ሣጥን ላይ ነው፤ ሣጥኑን ደግሞ እሱ ራሱ በእጁ በስቶታል።

የሎሚ ስልክ ዝግ ነው። የጋሽ ዘገዬ ይጠራል፣ አይነሳም። በሥራ ልብሱ መናኸሪያ ሮጦ ሚኒባስ ያዘ። ሞጆ፣ ቆቃ። ዓለም ጤና ላይ ሾፌሩ ቆሞ የሽንኩርት ጆንያ ጣራ ላይ ማስጫን ጀመረ። ይትባረክ ጆንያዎቹን ማየት አቃተው። የፈሩት ይደርሳል የሚለው የሰፈሩ ተረት አእምሮው ውስጥ እየተመላለሰ አስቸገረው። መቂን ሲያልፉ ነፋሱ ተነስቶ አቧራው መንገዱን ሸፍኖ ነበር።

ባቱ ሐይቁ ዳር መርዳሳ የሚባል ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይሰበስባል።

“ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ እኛ ነፋሱን አይተን ወጣን። ሽማግሌው ግን ገና ናቸው” አለው።

በሩቅ አንዲት ነጭ ሸራ ወደ ጎን ተጋድማለች። ቀና ትላለች፣ ደግሞ ትጋደማለች። ይትባረክ መጮህ አልቻለም፤ ቢጮህስ ማን ይሰማዋል? ፈራ፣ እንደዚያ ቀን እንደ ልጅነቱ ፈራ። ሸራዋ በማዕበሉ መሐል እየጠፋችና እየታየች ቀስ በቀስ ቀረበች።

ደረሱ። ሎሚ ከላይ እስከ ታች ርሳለች፤ እየተንቀጠቀጠች ከጀልባዋ ውስጥ በጆግ ውሃ ትቀዳለች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል። ጋሽ ዘገዬ ግን ይስቃሉ።

“አየህ? ሟርትህ አልሠራም!”

ይትባረክ ሚስቱን አቅፎ አወረዳት፤ ሽማግሌውም ወረዱ። ከዚያ ውሃ የማይወደው ሰው እስከ ወገቡ ገባ። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለባት።

“አብደሃል? ልቀቃት! ይትባረክ!”

ለመጀመሪያ ጊዜ አልታዘዛቸውም። ውሃው በጠርዟ ላይ ዘለለ፤ በሣጥኑ ሁለት ቀዳዳዎችም እየተንጎራጎረ ገባ። ጀልባዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ዝቅ አለች፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ከውሃው በላይ ምሰሶዋና ሸራዋ ብቻ ቀሩ።

“አሰመጥካት!” አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። “አሟርተህ አሟርተህ፣ ይኸው አሰመጥካት!”

“ሥራው የእኔ ነው ጋሼ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ዝም ማለቴም” አለ ይትባረክ፤ አለቀሰ።

የመርዳሳን ገጀራ ተቀብሎ የመቀመጫውን ክዳን ፈነቀለው። ተንሳፍፎ የወጣ ነገር አልነበረም። ሎሚ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች፤ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ ዳበሰች፤ የቀረውን ይዛ ወጣች። መዳፏን እንኳ የማይሞላ ቢጫ ቆዳ ነው። ወስዳ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

“አባባ፣” አለች፣ “እኔ የተቀመጥኩት እዚህ ላይ ነበር።”

ቢጫው ነገር የጋሽ ዘገዬ ጣት ላይ ተጣብቆ፣ ቢያራግፉት አልለቅ አላቸው።