በባዶ ቤት ደጅ የተሰጣ ልብስ

ደላላን ማመስገን ለእባብ ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ ለአንዱ ግን ይገዛለታል። ይህ ሰው የቤት ደላላ ነው። ስሙን ያስታወሰው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚጠራው በአባባሉ ነው፦ ግባበት። ገዢ ጣሪያው ያፈሳል ሲለው "ግባበት ብቻ!" ግድግዳው ተሰንጥቋል ሲለው "ግባበት ብቻ፣ ስንጥቁ ራሱ ይለምድሃል!" እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውንና ቤትን ሲያጋባ ኖሯል። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ የጫማው ተረከዝ አልቋል፣ ምላሱ ግን ዛሬም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው።

በአንዲት አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ከቆሙት ቤቶች አሥራ አራቱን ለቆርቆሮ ፋብሪካው ሠራተኞች የሸጠው እሱ ነው። ባንኩም እየሳቀ አበደረ። ባንክ ሲያበድር አጎት ነው፤ ሲያስከፍል የእንጀራ አባት። ፋብሪካው አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ተዘጋ፤ በዓመቱ ባንኩ ከአሥራ አራቱ ሰባቱን ወረሰ። ባለቤቶቹ ፍራሻቸውን በጋሪ ጭነው ሲሄዱ ግባበት ጥግ ላይ ቆሞ አየ። የዚያን ቀን ምላሱ አልሠራችም።

በየአጥሩ ላይ "የባንክ ንብረት፣ መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ማንበብ የሚችል ሁሉ አክብሮ ቆመ። ሌባ ግን ለንባብ ጊዜ የለውም፤ በመጀመሪያው ወር የውሃ ቆጣሪውን፣ በሁለተኛው የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ በሦስተኛው ያንኑ ሰሌዳ ነቅሎ ሄደ። ባንክ ሲወርስ እንጂ ሲጠርግ ታይቶ አያውቅም፤ አረሙ መስኮት ደረሰ። የቀሩት ጎረቤቶችስ? እነዚያ የንጽሕና ሐዋርያት ቆሻሻቸውን በፌስታል እየቋጠሩ በባንኩ አጥር ላይ ይወረውራሉ፤ ወርውረው ሲጨርሱ ደጃቸው ላይ ቆመው "መንደሩ ሸተተ" ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

ከሁለት ባዶ ቤቶች መሃል የቀረችው የግባበት ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷን በሃያ ዓመት የመርፌ ሥራ ከፍላ የጨረሰች፣ የማንም ዕዳ የሌለባት። ምን ዋጋ አለው! የጎረቤትን ቤት የበላ ዕዳ አጥር አያግደውም። ደንበኞቿ ጭር ያለውን መንገድ ፈርተው መምጣት ተዉ፤ ያሰፉትን እንኳ ሳይወስዱ ቀሩ፤ ልብሱ ግድግዳዋ ሥር ተቆለለ።

አንድ ቀን ወንድሟ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"እትዬ፣ ባንኩ ሰባቱንም በጅምላ ለመጋዘን ነጋዴ ሊሸጣቸው ነው። አፍርሶ መጋዘን ሊሠራባቸው።"

"እኔስ?"

"ያንቺማ... አይነካም።"

"አይነካም? በግራዬ ሲሚንቶ፣ በቀኜ ከባድ መኪና፣ እኔ መሃል ላይ ቀሚስ ልሰፋ! ማን ነው ለልኬት የሚመጣልኝ? ልሽጠውስ ብል ማን ይገዛኛል? ስማ አንተዬ፣ ያኔ ሰዎቹን ግቡበት ብለህ ያስገባኸው አንተ ነህ። አሁንም አስገባበት!"

"እንዴት አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቄ! ምላስህን የት ጣልከው?"

ግባበት ባንክ ሄዶ ሦስት ቀን ወንበር አሞቀ። በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስገባው።

"ቤቶቹን አንድ በአንድ ለሚኖርባቸው ሰው ልሽጥልዎት፣ ጌታዬ።"

"ነጋዴው ወሩ ሲያልቅ ይፈርማል። እስከዚያ ገዢ ካገኘህ በጽሑፍ አመልክት" አለና ቁልፎቹን ሰጠው። አምኖበት እንዳይመስላችሁ፤ ከፊቱ እንዲነሳለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግባበት ደላላ ሲያደርገው ታይቶ የማይታወቅ ነገር አደረገ፤ ሠራ። ማጭድ ይዞ አረሙን አጨደ። በየበሩ እየዞረ "ፌስታላችሁን በቀለሙ አውቀዋለሁ፣ ውጡና ልቀሙ!" እያለ ሐዋርያቱን አስወጣ። የመንደሩን ጡረተኛ አናጢ በነገር ወግቶ ከወንበሩ አስነሳውና በሮቹን አስገጠመ። ቀጥሎም ማዶ ከተከፈተው አዲስ ሆስፒታል፣ ኪራይ ያንገፈገፋቸውን ሠራተኞች እያመጣ ማሳየት ጀመረ። መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ "ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን መንገዱ ላይ ሰው የለም።" ሰው እንዲገባ ሰው መኖር አለበት፤ ሰው እንዲኖር ደግሞ ሰው መግባት አለበት። ይህን ቋጠሮ የትኛውም ጉባኤ ሊፈታው አይችልም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ፈታችው።

"ቤት ውስጥ ሰው መኖሩ በምን ይታወቃል?" አለችው።

"በምን?"

"በተሰጣ ልብሱ ነዋ!"

እሷ አጥባ ካልተኮሰች ልብስ አታስረክብም፤ ወጓ ነው። ያን ሁሉ ያልተወሰደ ልብስ አጠበችና በሰባቱ ግቢ ገመድ ወጥራ አሰጣችው። በአንዱ ግቢ የስድስት ልጆች ሹራብ፣ በአንዱ ድንኳን የሚያህል የአንድ ሾፌር ሱሪ፣ በአንዱ የሙሽራ ቀሚስ። በየጠዋቱ ታሰጣለች፣ ከሰዓት ትሰበስባለች። መንገዱ ነፍስ የዘራ መሰለ። ሌባውም መምጣት ተወ።

በሳምንቱ አንዲት ነርስ ቤት ልታይ መጣች። ገመዱን አየችና "ጎረቤቶቹ ልጅ ይበዛባቸዋል እንዴ፣ ጋሼ?" አለች።

የደላላው ምላስ "ስድስት! አንድ ከአንድ ይበልጣሉ!" ልትል ተነስታ ነበር። ግን ጋሪ ላይ የተጫነ ፍራሽ ትዝ አለው።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። ልጆች የሉም። ልብሱ እህቴ ጋ ለስፌት የመጣ ነው። ሰባቱም ቤት ባዶ ነው፤ ባንክ የወሰደው ነው። ከገዛሽ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ደግሞ ከደመወዝሽ በላይ እንዳትበደሪ፤ ሲያበድሩሽ እንደሚስቁ አይቻለሁ።"

ነርሷ ሳቀች።

"ይህን ሁሉ የሚያጥቡት እህትዎ እዚሁ ናቸው?"

"ሌላ የት ትሄዳለች!"

"እስኪ እሳቸውን ያሳዩኝ።"

ከልብስ ሰፊዋ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጠች፤ ስትወጣ ለጋዋን ተለክታ፣ ቤቱን ለመግዛት ወስና ነው። በሳምንቱ ሦስት ባልደረቦቿን አመጣች። አራት ማመልከቻ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጣ። አራት ግን ሰባት አይደለም፤ ባንክም ጅምላ ይወዳል።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የባንኩ ንብረት ገማች ቤቶቹን ሊያይ መጣ። ጫማው አዲስ ስለነበር ከመኪናው አልወረደም። በመስኮት እያየ ጻፈ፦ "ቤት ቁጥር ሁለት፣ ስድስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ። ቁጥር አምስት፣ እጅግ ወፍራም ሰው፣ ብቸኛ። ቁጥር ዘጠኝ፣ አዲስ ሙሽራ። በድምሩ ሃያ ሦስት ሰዎች በሕገወጥ መንገድ ገብተዋል።" ሪፖርቱን ያነበበው ነጋዴ "እኔ መጋዘን እንጂ ክስ ልገዛ አልመጣሁም" ብሎ በዚያው ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ።

"አንተ! ስንት ሰው ነው ያስገባኸው?"

"አንድም ሰው፣ ጌታዬ።"

"ሃያ ሦስት ይላል እኮ!" ቁጥር ሁለትን አስከፈተ። የተጠረገ ባዶ ክፍል የገዛ ድምፁን መለሰለት። "ልጆቹ የታሉ?"

"ትምህርት ቤት ሄደዋል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አጥሯ ላይ ተደግፋ።

ይህን ጊዜ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ። መንገዱ ሰው ገባበት ሲባል ሰምቶ ልብሱን ሊወስድ መምጣቱ ነው።

"እትዬ፣ ሱሪዬን ሰው ግቢ ሰቅለሽው!"

ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን አየ፣ ሱሪውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። "ቁጥር አምስት፣ ብቸኛው?"

"ብቸኛ? ሚስት አለችኝ እኮ!"

አንዱ ጥበቃ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አነቀው።

"ነጋዴዬን አባረርክብኝ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁ ወርዶ።

"ያባረሩትማ የእርስዎ ገማች ናቸው። ቢወርዱና ቢያንኳኩ ኖሮ ማንም እንደሌለ እነግራቸው ነበር። አራቱ ማመልከቻ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ነገ ይፈርማሉ። ለሦስቱም አመጣለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ፈረመ። ማስተዋል ገብቶት ሳይሆን ሌላ ገዢ ስላልነበረው።

ሦስቱ ቤቶች በአምስት ወር ተሸጡ። ነጋዴውም ሰው በሌለበት ዳር መጋዘኑን ሠራ፤ ማንም አልሞተም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን በጥሪ አጣደፈችው። ግባበት ምን መጣ ብሎ እየሮጠ ደረሰ። እህቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ጎረቤት ግቢ ታያለች። ገመዱ ላይ የሕፃን ልብስ፣ ነጭ ጋዋን፣ አንድ ቀዳዳ ካልሲ ይወዛወዛል።

"ይሄን እኔ አላሰጣሁትም" አለች።

"እኔም አላሰጣሁትም።"

"እፎይ!" ብላ ከአጥሩ ወረደችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "የዚያ ካልሲ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቅልኝና ላከው። ቤት አስገብተህ ቀዳዳ ለብሶ እንዲኖር ትተወዋለህ?"